ጥርስ የመሰከረበት ውኃ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የጂቡቲ ከተማ የተቆረቆረችው በባሕሩ ዳር በሚገኙ የዛጎል ድንጋይ አምባዎች ላይ ነው። ከእነዚህ አምባዎች አንዱ ሄሮን ይባላል። በሄሮን የኖረ ሰው የውኃን ጠባይ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ምላሱ ይበቃዋል። ከተማዪቱ ለረጅም ዘመን የጠጣችው በአምቡሊ አካባቢ ከተቆፈሩ ጕድጓዶች ሲሆን፣ ሕዝቡ እየበዛ ብዙ ውኃ በተቀዳ መጠን የባሕሩ ጨው ከሥር እየሰረገ ገብቶባቸዋል። ይሁን እንጂ ጨዋማ ውኃ ራሱን አይደብቅም። የቀመሰው ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል፤ በሻይም ውስጥ ይታወቃል፤ ሳሙናም በደንብ አያረፋም። ነዋሪው ያማርራል፤ አስተዳደሩም መፍትሔ ለመፈለግ ይገደዳል። ከኢትዮጵያ ምድር፣ ከአዲጋላ የተቀዳ የጕድጓድ ውኃ በ2017 ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጕዞ ወደ ጂቡቲ መፍሰስ የጀመረው በዚሁ ችግር የተነሣ ነው።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት ክፉ ውኃ አለ። ይህኛው ጥሩ መስሎ የሚታይ፣ ጥምን የሚቈርጥ፣ ሽታም ሆነ መጥፎ ጣዕም የሌለው ውኃ ነው። ሰው ለብዙ ዓመት ይጠጣዋል፣ ያመሰግነዋልም። ጕዳቱን የሚናገረው ምላስ ሳይሆን ጥርስ ነው። ያውም የሚናገረው ወዲያው አይደለም፤ ሕፃኑ አድጎ፣ የወተት ጥርሱን ነቅሎ፣ ቋሚ ጥርሱን ሲያበቅል ነው እንጂ። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ የፈለግነው የዚህን ውኃ ታሪክ ነው። ታሪኩ የጥርስ ብቻ ሳይሆን የድኾች ልጆችና የላብ አደር ወላጆቻቸው ታሪክ በመሆኑ፣ በትምህርት ቤት ለምንገኝ ሰዎች የሚነግረን ብዙ ነገር አለው።

ከሄሮን እስከ ወንጂ

ከሄሮን ተነሥተን መንገዱን እንከተል። ከአምባው ፊት ለፊት የተዘረጋው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ቀይ ባሕርን፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ የፈጠሩት የምድር ስንጥቆች በሚገናኙበት አካባቢ ይገኛል። ስምጥ ሸለቆው ከዚያ ተነሥቶ የአፋርን ምድር ካቋረጠ በኋላ በአዋሽ ሸለቆ በኩል ወደ ዝዋይ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሻላና ወደ ሐዋሳ ሐይቆች ይዘልቃል። የአዋሽ ወንዝም በዚሁ ሸለቆ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ናዝሬትን፣ የዛሬዋን አዳማን፣ አልፎ ይሄድ ነበር። ከአዳማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዝን የሸንኮራ አገዳ ባሕር እናያለን። ይህ ወንጂ ነው።

በዚህ ሸለቆ ውስጥ ምድሩ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይና አመድ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ፍሎሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የዝናብ ውኃ ወደ ታች ሰርጎ በሞቃት ድንጋይ መካከል ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ፍሎሪኑ ፍሎራይድ ሆኖ ይሟሟበታል። ካልሲየም በብዛት ያለበት ውኃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተጣምረው በዝቃጭ መልክ ይቀሩ ነበር። የስምጥ ሸለቆው የጕድጓድ ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ስለ ሆነ ፍሎራይዱ እንደ ተሟሟ ይቀራል። የኬሚስትሪ መምህራን ይህን ምሳሌ በክፍል ውስጥ ቢጠቀሙበት ተማሪው ትምህርቱን ከአገሩ ምድር ጋር ለማያያዝ ይረዳዋል።

ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል። ይሁን እንጂ ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1984 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ እንዳይኖር መክሯል። ከዚህ በላይ የሆነውን ለዓመታት የጠጣ ሕፃን ኢናሜል የሚባለው የጥርሱ ልባስ በትክክል ሳይሠራ ይቀራል። ጥርሱ ሲበቅል በመጀመሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ጕዳቱ ሲበረታ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያም ሲብስ ይቦረቦራል፣ ይሸራረፋል። ይህ በሽታ የጥርስ ፍሎሮሲስ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎላ አድርገን ማስረዳት ይኖርብናል። ጕዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። ካደገ በኋላ ወደ አካባቢው የመጣ ሰው ውኃውን ቢጠጣም የፊት ጥርሱ ቡናማ አይሆንም። ቡናማው ቀለም ከላይ የተለጠፈ እድፍ ሳይሆን ከውስጥ የመጣ ስለ ሆነ፣ በወይራም ሆነ በክትክታ መፋቂያ፣ በብሩሽም ሆነ በሳሙና አይለቅም።

የኮሎራዶው ምሥጢር

የሰው ልጅ ይህን ምክንያት ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የተባሉ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ሥራ ጀመሩ። በዚያም የተወላጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ነገር በመጻሕፍት ቢፈልጉ ምንም አጡ። የከተማው ሰው ምክንያቱን በየራሱ መንገድ ይተረጕም ነበር፤ አንዱ በምግቡ፣ ሌላው በወተቱ ያሳብባል። ማኬይ ግን ምርመራቸውን አላቋረጡም። በዘመኑ ከታወቁት የጥርስ ሊቃውንት አንዱ የነበሩት ግሪን ቫርዲማን ብላክ በ1909 መጥተው አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ። በከተማዪቱ ከተወለዱት ልጆች ከመቶ ወደ 90 የሚጠጉት ጥርሳቸው እንደ ተነካ ተረጋገጠ። ሁለቱ ሐኪሞች ሁለት ቁም ነገሮች አስተዋሉ። አንደኛ፣ ጕዳቱ የሚደርሰው በሕፃንነት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የቀለሙ ጥርሶች በሚያስገርም ሁኔታ በትል አይበሉም።

በ1923 ማኬይ አይዳሆ በሚባለው ክፍለ ሀገር ወደምትገኝ ኦክሌይ ወደ ተባለች ትንሽ ከተማ ተጠሩ። የጠሯቸው ወላጆች ነበሩ። እነዚህ ወላጆች የልጆቻቸው ጥርስ መቀየር የጀመረው ከተማዪቱ ከአንድ ሞቃት ምንጭ በቧንቧ ውኃ ካስመጣች በኋላ መሆኑን ነገሯቸው። ማኬይ ውኃውን ቢያስመረምሩ አንድም የሚያጠራጥር ነገር አልተገኘበትም። ሆኖም የወላጆቹን ምስክርነት አምነው፣ ከተማው ያን ቧንቧ ትቶ በአቅራቢያው ካለ ሌላ ምንጭ እንዲጠጣ መከሩ። ምክራቸው ተፈጸመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የበቀሉት የታናናሾቹ ቋሚ ጥርሶች ነጭ ሆነው ወጡ። እንግዲህ የኦክሌይ ሰዎች የበሽታውን ምክንያት በስሙ ሳያውቁት አስወገዱት ማለት ነው።

ስሙ የታወቀው በ1931 ነው። አርካንሳስ ውስጥ ቦክሳይት የምትባል፣ የአልሙኒየም ማዕድን የሚያወጣ ኩባንያ ያቋቋማት የሠራተኞች ከተማ ነበረች። በዚያም የልጆች ጥርስ ይቀየር ነበር፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ሌላ ከተማ ግን ምንም አልነበረም። ቸርችል የተባሉ የኩባንያው ዋና ኬሚስት ሰዎች የአልሙኒየም ድስትን ይወነጅላሉ ብለው ስለ ሰጉ ውኃውን በዘመኑ በተራቀቀ መሣሪያ መረመሩት። ያገኙትም ማንም ያልጠበቀውን ፍሎራይድ ነበር። በዚያው ዓመት በሰሜን አፍሪካ፣ በሞሮኮ የፎስፌት ምድር፣ የሰውና የከብት ጥርስ የሚያበላሸው በሽታ ከፍሎራይድ የመጣ መሆኑን ቬሉ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ አስታወቁ።

ከዚህ በኋላ ትሬንድሊ ዲን የተባሉ የአሜሪካ መንግሥት የጥርስ ሐኪም ምን ያህሉ እንደሚጠቅምና ምን ያህሉ እንደሚጐዳ መለካት ያዙ። የጥርሱን ጕዳት በደረጃ የሚከፍለው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት መለኪያ በእሳቸው ስም ይጠራል። በአንድ ሊትር ወደ 1 ሚሊግራም የሚጠጋ ፍሎራይድ ጥርስን ሳያበላሽ ከመበስበስ እንደሚከላከል ከጥናታቸው ተገኘ። በ1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለች የአሜሪካ ከተማ ፍሎራይድ ባነሰበት ውኃዋ ላይ በመጠኑ በመጨመር በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ከ11 ዓመት በኋላ፣ ከሥራው ጅማሮ ወዲህ በተወለዱት ልጆች ላይ የጥርስ መበስበስ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ አንዱ አገር የሚጨምረውን ሌላው አገር መቀነስ የሚገባው ሆነ።

የሸንኮራው መንደርና ጕድጓዶቹ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ አዲስ መሬት መፈለግ ጀመረና በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር በወንጂ ወደ 5,000 ሄክታር የሚሆን መሬት ተረከበ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 (በ1946 ዓ.ም.) ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለው። በስፍራው የነበሩ የኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬታቸው የሸንኮራ ማሳ ሆነባቸው። አገዳ ለመቍረጥ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሰው መጣ። በየማሳው መካከል የሠራተኞች መንደሮች ተሠሩ። ለመንደሮቹም ጕድጓድ ተቆፈረላቸው።

በዚያ ዘመን ንጹሕ ውኃ ማለት ተውሳክ የሌለበት ውኃ ማለት ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ተቅማጥና የአንጀት በሽታ ሕፃናትን እንደሚፈጅ ማንም ያውቃል። ከጥልቅ ጕድጓድ የወጣ ውኃ ደግሞ ከደፈረሰ ወንዝ ይልቅ ከተውሳክ የጠራ ነው። ስለዚህ በጊዜው ለነበረ ሰው ጕድጓድ መቆፈር የእድገት ምልክት ነበር፤ ዛሬም ነው። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ የወንዝ ውኃ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ፍሎራይድ ሲኖረው፣ ከሞቃት ድንጋይ መካከል የሚወጣው የጕድጓድ ውኃ ብዙ ይኖረዋል። አንዱን በሽታ ለመሸሽ የተቆፈረው ጕድጓድ ሌላውን በሽታ ይዞ ወጣ።

የታሪኩ አሳዛኝ ክፍል እዚህ ላይ ነው። የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የኮሎራዶው ምሥጢር ከተገለጠ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ዕውቀቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ ለአገዳ ቆራጩ መንደር ግን አልደረሰም። በመንደሩ የተወለዱት ልጆች ጥርሳቸውን ነቅለው ሲያበቅሉ ቡናማ ሆነው ወጡ። እናቶች ይህን ያዩት ከማንም ሐኪም በፊት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። የእናት ትዝብት ግን የሚጽፈውና የሚያሰማው ካላገኘ በመንደሩ ታጥሮ ይቀራል።

ጥርስ ቀድሞ፣ አጥንት ተከትሎ

የቡናማ ጥርስ ነገር የመልክ ጕዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ፍሎራይድ የሚከማቸው በጥርስ ብቻ አይደለም። ጥርስና አጥንት ከአንድ ዓይነት ማዕድን የተሠሩ ናቸው። የሕፃኑን ጥርስ ያበላሸው ውኃ በአዋቂው አጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። አጥንቱ ይወፍራል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ጅማቱ ወደ አጥንትነት ይቀየራል። በመጨረሻም ሰውየው አንገቱን ማዞር፣ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል። ጀርባው ጎብጦ ይቀራል። ሕብለ ሰረሰሩ ከተጨፈለቀም እግሩ ይሰንፋል። ይህ የአጥንት ፍሎሮሲስ ይባላል።

የስዊድን ተወላጅ የሆኑ ኦልሶን የተባሉ የጥርስ ሐኪም ፍሎራይድ በበዛባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚኖሩ ሕፃናትን ጥርስ መርምረው ውጤቱን በ1979 አሳተሙ። የነርቭ ሐኪም የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ያካሄዱትን ጥናት በ1987 አወጡ። እንደ ጥናታቸው፣ ከልደታቸው ጀምሮ በሸለቆው ከኖሩትና ከተመረመሩት ልጆች መካከል ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ ነበረባቸው። ችግሩ ጎልቶ የታየው ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ነበር፤ ይህም ልጆች በትምህርት ቤት የሚገኙበት ዕድሜ መሆኑን ልብ ይሏል። በወንጂ ሸዋ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ ከ10 ዓመት በላይ በጠጡ ሰዎች ላይ ደግሞ አካልን የሚያሰናክለው የአጥንት ፍሎሮሲስ መታየቱን ገለጹ።

ማን ይበልጥ ተጐዳ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው። በጠራራ ፀሐይ አገዳ የሚቈርጥ ሰው ቢሮ ከተቀመጠ ሰው ይበልጥ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህም ይበልጥ ፍሎራይድ ይወስዳል። ወተትና ሌላም ካልሲየም ያለበት ምግብ የማያገኝ ልጅ ከሚያገኘው ይልቅ ይጐዳል። ሌላ ውኃ ገዝቶ ለመጠጣት አቅም ያለው ሰው ከጕዳቱ ይድናል፤ የሌለው የተሰጠውን ይጠጣል። ስለዚህ ውኃው ለሁሉም አንድ ይምሰል እንጂ በድኻው ላይ ይበረታል።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባን ግን የጊዜውን ቅደም ተከተል ነው። ጥርስ በ7 ዓመት ገደማ ይናገራል፤ አጥንት የሚናገረው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። የልጁ ቡናማ ጥርስ ለአባቱ ጀርባ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር። ማስጠንቀቂያውን በጊዜው ያነበበ ቢኖር ኖሮ ከጎበጡት ጀርባዎች ብዙዎቹ ቀና እንዳሉ ይቀሩ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተባለ ይመስላል።

ውኃውን የማከም ጥረት

የጥርስ ሐኪም በፍሎሮሲስ የተጐዳ ጥርስን ሊረዳው ይችላል። ቀለል ያለውን በመፋቅና በማለስለስ፣ የከፋውን በመሸፈን መልኩን ያስተካክላል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ በአንድ ሰው አፍ ላይ ብዙ ሰዓትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ልጆቹ በሙሉ የተጐዱበትን መንደር በዚህ መንገድ ማዳን አይቻልም። ዛሬ የአንዱ ጥርስ ቢሸፈንም ነገ ታናሹ ያንኑ ውኃ ጠጥቶ ይመጣል። ስለዚህ ለኅብረተሰብ የሚደረግ የጥርስ ሕክምና በዚህ ቦታ የሚጀምረው ከሐኪሙ ወንበር ሳይሆን ከጕድጓዱ አፍ ነው።

ውኃን ማፍላት ተውሳክን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይቀንስም። እንዲያውም ከውኃው ከፊሉ ተንኖ ሲሄድ የቀረው ይበልጥ ይበረታል። በወንጂ ሸዋ መንደሮች የተተከሉት ማጣሪያዎች አክቲቬትድ አሉሚና በሚባል፣ ፍሎራይድን ስቦ በሚይዝ ነገር የሚሠሩ ነበሩ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አሉሚናው በሞላ ቍጥር በኮስቲክ ሶዳና በአሲድ መታጠብ አለበት። ይህም ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል፣ የሠለጠነ ሰውና የማያቋርጥ ጥገና ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ በጐደለ ጊዜ ውኃው ሳይጣራ ያልፋል፤ ጠጪው ደግሞ በጣዕም ለይቶ አያውቅም። ፋብሪካዎቹ በ1975 (በ1967 ዓ.ም.) የመንግሥት ሆኑ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም አሮጌዎቹ ቆመው አዲስ ፋብሪካ ተተካ። የውኃው ጥያቄ ግን ባለቤት በተለወጠ ቍጥር አብሮ የሚሻገር ሆኖ ቆይቷል።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ ችግር ውስጥ አልፈዋል። በሕንድ በ1970ዎቹ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ በውኃ ውስጥ በማማሰል ፍሎራይዱን የሚያዘቅጥ ዘዴ ተፈለሰፈ፤ መጀመሪያ በተሞከረበት አውራጃ ስምም ናልጎንዳ ተባለ። በታንዛንያና በኬንያ ደግሞ የከብት አጥንት አየር በቀነሰበት ምድጃ ከስሎ ለማጣሪያ ይውላል። በአጥንት ውስጥ ያለው ማዕድን ፍሎራይድን አጥብቆ ይይዛልና። እነዚህ ሁለት ዘዴዎች በእኛም ስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል፤ በሞጆም የአጥንት ከሰል የሚዘጋጅበት ሥራ ተቋቁሟል። እዚህ ላይ ሕዝቡ አጥንቱ ከምን እንስሳ እንደ መጣ መጠየቁ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ጥያቄውን እንደ ኋላ ቀርነት ሳይቈጥሩ በግልጽ መመለስ ያስፈልጋል። ሰው የማያምነውን ማጣሪያ ቤቱ ቢሰቅሉለት አይጠቀምበትም።

ከሁሉ የሚሻለው፣ ኦክሌይ እንዳደረገችው፣ ፍሎራይድ ያነሰበትን ሌላ ውኃ ማምጣት ነው። ይህ የማይቻል ሲሆን ደግሞ በጣሪያ ላይ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ ለመጠጥና ለምግብ መሥሪያ ብቻ ማዋል ይጠቅማል። ለልብስና ለገላ ማጠቢያ የጕድጓዱ ውኃ ምንም አይልም። በተለይም ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የተሻለው ውኃ እንዲለይላቸው ቢደረግ፣ በትንሽ ውኃ ብዙ ጥርስ ማዳን ይቻላል።

መምህሩ ከዚህ ታሪክ ምን ያገኛል?

በስምጥ ሸለቆ ትምህርት ቤቶች ያስተማረ መምህር ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ተማሪ አይቶ ይሆናል። ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን እያወቀ ዝም የሚል፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከንፈሩን የሚገጥም ልጅ አይጠፋም። ጓደኞቹ «ጥርስህን አትፍቅም» ይሉታል። አንዳንዴም ትልልቆቹ ሳይቀሩ ቀለሙን ከጫት ወይም ከሲጋራ ያያይዙታል። ልጁ ግን ያላደረገውን ነገር ኃፍረት ይሸከማል። እኛ መምህራንም በንጽሕና ትምህርት ሰዓት ነጭ ጥርስ የንጹሕ ልጅ ምልክት ነው ብለን ስናስተምር፣ ሳናውቅ በዚህ ልጅ ላይ ፈርደንበት ይሆናል።

ስለዚህ መምህሩ የመጀመሪያ ሥራው ፍርዱን ማንሣት ነው። ቡናማው ጥርስ የስንፍና ውጤት ሳይሆን የጠጣው ውኃ ምልክት መሆኑን፣ ከሰው ወደ ሰውም የማይተላለፍ መሆኑን በክፍል ፊት በግልጽ ማስረዳት ይገባዋል። ይህ ማለት መፋቂያ ይቅር ማለት አይደለም። የተቦረቦረ ጥርስ ምግብ ስለሚይዝ ከሌላው ይልቅ መጽዳት አለበት። ከቀለሙ ጋር መታገል ከንቱ ቢሆንም ድድን መጠበቅ ከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ሥራው ማየትና መመዝገብ ነው። የጥርስ ሐኪም ወደ ገጠር መንደር የሚመጣው ምናልባት በዓመታት አንድ ጊዜ ነው፤ መምህሩ ግን በየቀኑ ጧት አርባና ሃምሳ ልጆች ፊት ይቆማል። የትኛዎቹ ልጆች ጥርሳቸው እንደ ተቀየረ፣ በሕፃንነታቸው ከየትኛው ጕድጓድ እንደ ጠጡ፣ ከሌላ አካባቢ የመጡት ልጆች ጥርስ ምን እንደሚመስል ቢያስተውል፣ ማኬይ በኮሎራዶ የሠሩትን ሥራ በአነስተኛው ሠራ ማለት ነው። ይህም ልጆቹን በሰው ፊት ሳያቆም፣ ከወላጆቻቸው ጋር ተመካክሮ የሚደረግ ሥራ ነው። ከዚያም ያየውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ውኃ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ጕድጓዱ እንዲመረመር ሊጠይቅ ይችላል። አዲስ ጕድጓድ ሲቆፈርም «የፍሎራይዱ መጠን ተለክቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለማንም የተፈቀደ ነው።

ሦስተኛው ለታሪክ መምህራን የሚሆን ነው። ታሪክ ስንል የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ብቻ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የወንጂ ስኳር በኢትዮጵያ ቤቶች ሁሉ ሻይ ሲያጣፍጥ ኖሯል። ያን ስኳር ያመረቱት ሰዎችና ልጆቻቸው የከፈሉት ዋጋ በፋብሪካው የሒሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ የተጻፈው በጥርሳቸውና በጀርባቸው ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መዝገብ ማንበብ ያልቻለ የታሪክ ትምህርት ግማሹን ገጽ ሳይገልጥ የዘጋ መጽሐፍ ይሆናል።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ከኮሎራዶ ጥያቄ እስከ ፍሎራይድ መታወቅ 30 ዓመት ፈጅቷል። ኦክሌይ ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ አልጠበቀችም፤ የወላጆቿን ቃል አምና ውኃዋን ለወጠች፤ ልጆቿም ዳኑ። በወንጂ ነገሩ ተገልብጦ፣ ምክንያቱ አስቀድሞ ታውቆ ሳለ ውኃው ለብዙ ዓመታት ተጠጣ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሳይንስ ዕውቀት ልዩነት አልነበረም። በአንደኛው ቦታ የወላጆች ቃል የሚሰማው ሰው አገኘ፤ በሌላው ሳያገኝ ቆየ። የሄሮን ሰው ውኃው መጨው ሲጀምር በገዛ ምላሱ አውቆ ይጮኻል። የስምጥ ሸለቆ ሕፃን ግን ምላሱ አይረዳውም። ስለ እርሱ የሚናገረው ጥርሱ ነው፤ ጥርሱ የተናገረውን ሰምቶ ለሚመለከተው ማድረስ ደግሞ በየቀኑ ፊቱን የምናየው የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።